«የጀመራት የክትባቷ ዕለት ሌሊት ነው»፦ በጂን ለውጥ የሚመጣ የሚጥል ሕመም ላለባት ልጅ ክትባት ይቀጥል ወይ?

የጠያቂዋ እናት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሴት ልጄ 8 ወሯ ነው። በ4 ወሯ ክትባት በወሰደችበት ዕለት ሌሊት ትኩሳት ያዛትና በግራ ጎኗ ብቻ 25 ደቂቃ ያህል ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግሟታል፤ አንዱ ጉንፋን ይዟት፣ ሌላው ሞቅ ባለ ውኃ ስናጥባት። አሁን የጂን ምርመራ ተደርጎላት ኤስሲኤን1ኤ የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ተገኘ። ልጄን ለዚህ ያበቃት ያ ክትባት ነው? የቀሩትን ክትባቶች ላቁም? በተለይ የኩፍኙን በጣም ፈርቼዋለሁ። አያቷ ‹ሁለተኛ መርፌ እንዳታስነኪያት› ብለውኛል።»

እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳዎትን ነገር አስቀድሜ ልመልስ። ክትባቱ የልጅዎን ሕመም አልፈጠረውም። ይዛው ነው የተወለደችው፤ ክትባቱ ሕመሙ የሚታይበትን ቀን አፋጠነው። የቀሩትንም ክትባቶች አያቁሙ። ነገር ግን ልጅዎ ተወግታ ወደ ቤት ትሂድ ተብላ የምትተው ልጅ አይደለችም፤ ለእሷ የክትባት ቀን ዝግጅት ይፈልጋል። ምክንያቱን ላስረዳዎት፤ ትንሽ ይረዝማል።

በመጀመሪያ፣ ያዩት ነገር እውነት ነው። «ከክትባቱ ጋር ምንም አይገናኝም» ብሎ የሸኘዎት ባለሙያ ካለ አዝናለሁ፤ ይህን አባባል እኔ አልቀበለውም። ይገናኛል። መጠየቅ ያለበት እንዴት እንደሚገናኝ ነው። እናት በዓይኗ ያየችውን ነገር «አላየሽም» ካልናት፣ ከዚያ በኋላ የምንነግራትን እውነት ሁሉ ብትጠራጠር አይፈረድባትም።

ኤስሲኤን1ኤ በነርቭ ሴሎች ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ዓይነት በር የሚሠራበትን መመሪያ የያዘ ጂን ነው። በሩ ሲከፈት ሶዲየም ይገባል፣ ሶዲየም ሲገባ ሴሉ መልእክት ያስተላልፋል። ይህ በር በዋናነት የሚያስፈልገው ሌሎች ሴሎችን ለሚያረጋጉት፣ «በቃ፣ ተው» ለሚሉት የአንጎል ሴሎች ነው። ሁላችንም የጂኑ ሁለት ቅጂ አለን። አንደኛው ከተበላሸ የሚሠሩት በሮች በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ፤ አረጋጊዎቹ ሴሎች ይዳከማሉ። ፍሬኑ የሳሳ መኪና ሜዳ ላይ ሲሄድ ማንም ችግሩን አያውቅም፤ የሚታወቀው ቁልቁለት የጀመረ ጊዜ ነው። ለልጅዎ አንጎል ቁልቁለቱ የሰውነት ሙቀት መጨመር ነው። ራስዎ ጽፈውታል እኮ፦ አንዱን ጉንፋን አመጣው፣ አንዱን ሞቅ ያለ ውኃ። በውኃው ውስጥ ክትባት አልነበረም።

በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዚህ በር ድርሻ ገና ትንሽ ነው፤ ሕፃኗ እያደገች ስትሄድ አንጎሏ ይበልጥ በእሱ ላይ ይመረኮዛል። ስለዚህ ሕመሙ ራሱን የሚገልጠው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ አካባቢ ነው። እነዚያ ወራት ደግሞ ሕፃናት ተደጋጋሚ ክትባት የሚወስዱባቸው ወራት ናቸው። ሁለቱ ቢገናኙ አይደንቅም።

የዚህ ጂን ለውጥ ከሚያስከትላቸው ሕመሞች ከባዱ ድራቬ ሲንድረም ይባላል፤ ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1978 ሕመሙን ለይተው ከገለጹት ከፈረንሳዊቷ ሐኪም ከሻርሎት ድራቬ የመጣ ነው። ጂኑ የታወቀው በ2001 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ልጅዎን ስላልመረመርኳት ስሙን እኔ አልሰጣትም፤ በዚሁ ጂን ለውጥ ቀለል ያለ ሕመም ያላቸው ልጆችም አሉ። በሕፃንነት የጀመረ፣ አንድ ጎን ላይ ያደላ፣ ረጅም፣ ትኩሳት ወይም ሙቀት የሚቀሰቅሰው መንቀጥቀጥ ግን ሐኪሟን ወደዚያ እንዲያስብ ያደርገዋል። በድራቬ ሲንድረም ከ10 ልጆች በ9ኙ ያህል የጂን ለውጡ ከእናትም ከአባትም አልተወረሰም፤ በፅንሱ መጀመሪያ ላይ እንዲሁ የተፈጠረ ነው። በእርግዝናዎ ጊዜ ያደረጉት ወይም ያላደረጉት ነገር የለም።

አሁን ወደ ክትባቱ ልመለስ፤ ይህ የእርስዎ ጥያቄ ከእርስዎ በፊት አንድ አገር አናውጧል። በ1974 እንግሊዝ ውስጥ ከትክትክ ክትባት በኋላ አንጎላቸው ተጎዳ ስለተባሉ 36 ልጆች የሚገልጽ የሕክምና ጽሑፍ ወጣ። ወላጆች ደነገጡ፣ ከ70 በመቶ በላይ የነበረው የትክትክ ክትባት ሽፋን በጥቂት ዓመታት ወደ 30 በመቶ ገደማ ወረደ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ትክትኩ ወረርሽኝ ሆኖ ተመለሰ። የእነዚያ ዘመን ሐኪሞች ሞኞች አልነበሩም። ጤነኛ የነበረ ልጅ በክትባቱ ማግስት ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ወዲያ እድገቱ ዘገየ፤ እነሱ ያዩት ይህን ነው። ጂን የሚያዩበት መሣሪያ ግን አልነበራቸውም።

በ2006 በሳሙኤል ቤርኮቪች የሚመራ የአውስትራሊያ የሚጥል ሕመም ምርምር ቡድን «ክትባት አንጎላቸውን ጎዳው» የተባሉ 14 ሰዎችን መረመረ። ከ14ቱ 11ዱ የኤስሲኤን1ኤ ለውጥ ነበራቸው። ማለት፣ ለዓመታት የክትባት ጉዳት ተብሎ በቤተሰብ ልብ የተቀመጠው የልጅዎ ሕመም ነበር። ያን ጽሑፍ ያነበብኩ ቀን ስንት እናቶች «ምነው ያን ቀን ባልወሰድኩት» እያሉ እንዳረጁ አስቤ ዝም አልኩ።

ቀጣዩ ጥናት በቀጥታ የእርስዎን ጥያቄ ይመልሳል። በ2010 ይኸው ወገን 40 የድራቬ ሲንድረም ሕሙማንን መዝገብ አየ። 12ቱ የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ የያዛቸው የትክትክ ክትባት ያለበትን መርፌ በወሰዱ በ2 ቀን ውስጥ ነበር። እነዚህ ሕመሙ ቀደም ብሎ ነው የጀመራቸው፤ በአማካይ በ18 ሳምንት ገደማ፣ ከክትባት ርቆ የጀመራቸው ግን በ26 ሳምንት ገደማ። ይህ የጥቂት ሳምንታት ልዩነት የክትባቱ ድርሻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በመንቀጥቀጡ ዓይነት፣ በአእምሮ እድገት፣ በኋላ ሕይወታቸው በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሕመሙ ከታየ በኋላ ክትባት የቀጠሉትም ካቆሙት የባሰ ነገር አልደረሰባቸውም። ማቆም ያተረፈላቸው ነገር አልነበረም።

ስለ ማቆም የራሴ ታሪክ አለኝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ይህ ሁሉ ሳይታወቅ፣ እንደ ልጅዎ የመሰለ አንድ ሕፃን መጣልኝ። ካርዱ ላይ «ከእንግዲህ የትክትክ ክትባት አይሰጠው» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። እናቱ አመሰገኑኝ። ከአንድ ዓመት በኋላ ልጁ ትክትክ ይዞት ተኛ። ትክትክ ብዙ ትኩሳት የለውም፣ ስለዚህ መንቀጥቀጡን ያን ያህል አልፈራሁም ነበር። ግን ሳሉ ሲነሳበት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሳሉ ሲያበቃ ያስመልሰዋል፤ ሲያስመልሰው የሚጥል ሕመም መድኃኒቱም አብሮ ይወጣል። እንቅልፍ የለም፣ መድኃኒት በሰውነቱ የለም፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል። በዚያ ሳምንት የተንቀጠቀጠውን ያህል በዓመት ሙሉ አልተንቀጠቀጠም ነበር። ካርዱን ሳገላብጥ የራሴ ጽሕፈት አፈጠጠብኝ። እርስዎን «አያቁሙ» የምልዎት የክትባቱን ቀን ስለማቃልል አይደለም፤ ያን ሳምንት ስላየሁት ነው።

እንግዲህ ዝግጅቱ። ዋናው ነገር ትኩሳቱ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ነው፤ ክትባቶች በዚህ አንድ አይደሉም። የትክትክ፣ የቴታነስ፣ የዲፍቴሪያ፣ የሳንባ ምች እና ሌሎችም ሕይወት የሌላቸው ክትባቶች ትኩሳት የሚያመጡት በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው፤ ከ48 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከክትባት በኋላ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ቆዩ የሚባለው ለአለርጂ ነው፤ ለልጅዎ የሚያሳስበው ሰዓት ግን ማታና ሌሊቱ ነው። ስለዚህ ጠዋት ይከተቡ፣ በሳምንቱ መጀመሪያ ይሁን፣ ያን ሌሊት ከእርስዎ ሌላ አንድ የነቃ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። የዘወትር መድኃኒቷን በዚያ ቀን በግርግር እንዳትዘልሉ፤ የተዘለለ መድኃኒት ከክትባቱ የባሰ አደጋ ነው። በክትባቱ ዕለት ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ካላት ለጥቂት ቀን ያስተላልፉት።

የትክትክ ክትባት ሁለት ዓይነት አለው። በሙሉ ባክቴሪያው የሚሠራው የቆየው ዓይነት ብዙ ትኩሳት ያመጣል፤ በባክቴሪያው የተመረጡ ክፍሎች ብቻ የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ያነሰ። ሁለተኛውን ማግኘት ከቻሉ ለልጅዎ እሱን እመርጣለሁ፤ መከላከያው ፈጥኖ ስለሚቀንስ ግን የማጠናከሪያውን ጊዜ አያሳልፉ። ካልተገኘ በቆየው ይቀጥሉ። የተሻለው የለም ብሎ ሁሉንም መተው ልክ አይደለም።

የኩፍኙ ሌላ ነገር ነው፤ ፍርሃትዎ ስለገባኝ እዚህ ላይ ቆም ልበል። የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ጥቂት ተባዝቶ ነው መከላከያ የሚያስገነባው። ትኩሳቱ በዚያ ቀን አይመጣም። የሚመጣው በ5ኛውና በ12ኛው ቀን መካከል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛው ሳምንት መግቢያ ላይ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሁለት ሌሊት ይጠብቃሉ፣ ምንም የለም፣ «አለፈ» ብለው ያርፋሉ፣ በ8ኛው ቀን ትኩሳቱ ሳይዘጋጁ ያገኛቸዋል። ቀን መቁጠሪያ ላይ ከ5 እስከ 12 ያሉትን ቀኖች አክብቡባቸው። በእነዚያ ቀናት ሩቅ ጉዞ አይያዙ፣ ልጅቷን ለማያውቃት ሰው አይተዉ።

በጤነኛ ልጆች፣ በእነዚህ ቀናት ክትባቱ የሚያስከትለው ተጨማሪ መንቀጥቀጥ ከ3,000 እስከ 4,000 በሚሆኑ ክትባቶች አንድ ያህል ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በማንኛውም ምክንያት በትኩሳት የሚንቀጠቀጡ ልጆች ከ100 ከ2 እስከ 5 ናቸው። የልጅዎ ዕድል ከዚህ ከፍ ያለ ነው፤ አልደብቅዎትም። የጉድፍ ክትባት ከኩፍኙ ጋር በአንድ መርፌ ተቀላቅሎ የሚሰጥበት ዓይነት ካለ፣ ለመጀመሪያው ጊዜ ለየብቻ ይሰጣት፤ ተቀላቅሎ ሲሰጥ በትኩሳት የመንቀጥቀጥ ዕድሉ እጥፍ ይሆናል። ማዘግየት ይረዳል ብለው አስበው ከሆነም፣ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ክትባቱ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ አልፎ ሲሰጥ በትኩሳት መንቀጥቀጥ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

በሚዛኑ ሌላ ወገን ኩፍኝ ራሱ አለ። የክትባቱ ትኩሳት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው፤ የሕመሙ ትኩሳት ለቀናት 39 እና 40 ዲግሪ እያለ ይቆያል፣ ሳንባ ምችና ተቅማጥ ያስከትላል፣ ኩፍኝ ከያዛቸው ከ1,000 ልጆች በአንዱ ገደማ አንጎል ይቆጣል። ፍሬኑ ለሳሳ መኪና አንዱ አጭር ቁልቁለት ነው፣ ሌላው ገደል። ክትባቱ ደግሞ ቀኑ የሚታወቅ፣ የሚዘጋጁለት ነው፤ ኩፍኝ ቀጠሮ አይሰጥም።

ፓራሲታሞል አስቀድሞ ይሰጥ ወይ? በዚህ ላይ ሐኪሞች አንድ ሐሳብ የለንም። በ2009 የወጣ ጥናት ከክትባት ጋር አስቀድሞ ፓራሲታሞል የወሰዱ ሕፃናት ትኩሳታቸው እንደቀነሰ፣ የሚሠሩት መከላከያም ጥቂት እንዳነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ለሌሎች ልጆች አስቀድሞ አይሰጥ እንላለን። ለእንደ ልጅዎ ላሉት ግን እኔ እሰጣለሁ፦ ሕይወት ለሌለው ክትባት ከመርፌው ጋር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ እስከ ማግስቱ፤ ለኩፍኙ ደግሞ በተከበቡት ቀናት ሙቀቷ መነሳት ሲጀምር። መጠኑ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይለፍ፤ የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ በሚሊሊትር ስንት እንደሆነ ሐኪሟ ወይም ፋርማሲስቱ አስልቶ ይጻፍልዎ። አስፒሪን አይስጧት። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ይቀንሳል፤ መንቀጥቀጡን ያስቀራል ብዬ ግን ቃል አልገባም። አንዳንድ ልጆች ሙቀታቸው ሳይጨምር ከክትባት በኋላ የሚንቀጠቀጡበት ጊዜ አለ። በየክትባቱ የሚደጋገምባቸው ከሆነ ለጥቂት ቀን እንደ ክሎባዛም ያለ መንቀጥቀጥ የሚከላከል መድኃኒት የምንጨምርላቸው አሉ፤ ይህን የሚወስነው የነርቭ ሐኪሟ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከፓራሲታሞሉ ይልቅ የማያወላውለው ነገር፣ ድንገት ሲይዛት የሚሰጥ መድኃኒት ቤት ውስጥ መኖሩ ነው፤ በጉንጭ ውስጥ ወይም በአፍንጫ የሚሰጥ ሚዳዞላም፣ ወይም በፊንጢጣ የሚሰጥ ዳያዜፓም። ይህ ሳይኖርዎት ወደ ክትባቱ አይሂዱ፤ ክትባቱን ፈርቼ አይደለም፣ ነገ ጉንፋን ቢይዛትም ያው ስለሚያስፈልጋት። ሲጀምራት ሰዓት ይዩ፣ በጎኗ ያስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ። 5 ደቂቃ ከሞላ መድኃኒቱን ይስጡ፤ እንደ እሷ ረጅም መንቀጥቀጥ የለመደባቸውን ልጆች ከዚያም ቀደም ብላችሁ ስጡ የምንልበት ጊዜ አለ፣ ደቂቃውን ሐኪሟ በጽሑፍ ይወስንላት። ከመድኃኒቱ በኋላ ካላቆመ ወይም ትንፋሿ ከከበዳት ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

የምትወስደውንም መድኃኒት ስም ለሐኪሟ ያንብቡለት። ካርባማዜፒን፣ ኦክስካርባዜፒን፣ ላሞትሪጂንና ፌኒቶይን የሶዲየም በሮችን የሚዘጉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለብዙ የሚጥል ሕመም ዓይነቶች ጥሩ ናቸው፣ በድራቬ ሲንድረም ግን ቀድሞውኑ ያነሰውን በር ይበልጥ ይዘጋሉና ያባብሱታል። ከእነዚህ አንዱን እየወሰደች ከሆነ በራስዎ በድንገት አያቋርጡት፤ ግን በዚህ ሳምንት ይጠይቁ። ለእኔ ይህ ከክትባቱ ጥያቄ የበለጠ የልጅዎን ነገ የሚወስን ጉዳይ ነው።

ክትባት በእርግጥ የሚዘገይባቸው ሁኔታዎችም አሉ። መንቀጥቀጧ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ መድኃኒት እየተለዋወጠላት ባለበት ሳምንት፣ የትክትኩን ክትባት እስክትረጋጋ ማቆየት ተገቢ ነው። ሌላ ዓይነት የሚጥል ሕመም ኖሯቸው በከፍተኛ መጠን ስቴሮይድ ወይም ኤሲቲኤች በሚባል የሆርሞን መርፌ የሚታከሙ ሕፃናት፣ ወይም ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የሚባል ሌላ የጂን ሕመም ኖሯቸው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ኤቨሮሊመስ የሚወስዱ ልጆች፣ እንደ ኩፍኝ ያሉትን ሕያው ክትባቶች መውሰድ የለባቸውም፤ ሌሎቹን ግን ይወስዳሉ። በቤተሰብ ውስጥ የሚጥል ሕመም መኖሩ ብቻውን ግን ክትባት የሚያስቀር ምክንያት አይደለም።

ስለ አያቷ። «አታስነኪያት» ያሉት ያን ሌሊት ስላዩ ነው፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። አይከራከሯቸው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ፣ የጂኑን ውጤት ከሐኪሙ አፍ ይስሙት። እሳቸውም፣ አባቷም፣ ልጆች ካሉም ልጆቹ ክትባታቸውን ያሟሉ፤ በየዓመቱ የሚሰጠውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ማግኘት ከቻላችሁ እሱንም፤ ልጅቷን የሚያስተኩሳት ቫይረስ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከቤተሰብ ነውና። ከዚያ ሚዳዞላሙ እንዴት እንደሚሰጥ አያቷም መውጊያ በሌለው ባዶ ሲሪንጅ ይለማመዱ። እርስዎ ሥራ ሲሄዱ ልጅቷን ይዘው የሚውሉት እሳቸው ከሆኑ፣ በ8ኛው ቀን ትኩሳቱ ሲነሳ ሰዓቱን የሚያዩት እሳቸው ናቸው።